ሊሊያን ቱራም
ሊሊያን ቱራም (እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1972 በጓዴሎፕ ደሴት ተወለደ) የቀድሞ የፈረንሳይ እግር ኳስ ተከላካይ ነው። ለሞናኮ፣ ለፓርማ፣ ለጁቬንቱስ እና ለባርሴሎና ተጫውቷል።

ለብሔራዊ ቡድኑ 142 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው 2 ጎል ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም በ1998 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ክሮኤሽያ ላይ የተቆጠሩ ናቸው። ዳቮር ሹከር ቀድሞ ሲያገባ ከጨዋታ ውጪ ያልሆነው ቱራም ከመስመሩ ወደኋላ ስለቀረ ነበር። ቱራም ግን ወዲያው ከቦባን ኳስ ነጥቆ አቻ አደረገ፤ በኋላም በግራ እግሩ ደገመ። ፈረንሳይ 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። በ2000 ደግሞ የአውሮፓ ዋንጫን አነሳ።

በ2008 ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርመን ሊዛወር ሲል በሕክምና ምርመራ የልብ ችግር ስለተገኘበት መጫወት አቆመ። በዚያው ዓመት ዘረኝነትን በትምህርት የሚዋጋ ድርጅት አቋቋመ።