ከሚሴ ላይ የሞተር ጓድ ፍለጋ

ከሚሴ ውስጥ ሞተር ወዳድ ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ የፈለጋችሁት ያለ ቦታው ነው። ቢሮና ማኅተም ያለው ክበብ አትጠይቁ። ጎሚስታው ዘንድ ሂዱ! አገሩ ቆላ ነው፤ እሾሁም ጠጠሩም ጎማ አይምርም። የግብርና ባለሙያውም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ውሎ አድሮ እዚያ መምጣቱ አይቀርም። ታዲያ ለሥራ ብቻ የሚነዳውንና ወዳዱን በምን ትለያላችሁ? የመጀመሪያው ካላማዳሪው ተለጥፎ እስኪያልቅ ስልኩን ይነካካል። ወዳዱ ቁጢጥ ብሎ ካቴናውን ይደባብሳል፤ የሰው ሞተር ድምፅ ሰምቶ «ካንዴላው አርጅቷል» ብሎ ሳይጠየቅ ይፈርዳል። ያዙት! በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ወሬ አያልቅበትም።

ሦስት ሰው ከተገኘ ጉዞ ይወጣል። ወዴት? ገበያ ቀን ራሱ ይመራችኋል፤ ሰንበቴ እሑድ ይቆማል፣ ባቲ ሰኞ። ሰኞ ሥራ የሚይዛችሁ ከሆነ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰንበቴ ውረዱ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ፈቃድ ወስዳችሁም ቢሆን ባቲ! የቦርከናን ወንዝ አቅጣጫ ይዛችሁ በጨፋ ሜዳ ታልፋላችሁ፤ በሐርቡ አድርጋችሁ ኮምቦልቻ ስትወጡ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ያህል ስትጨምሩ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገበያዩበት ባቲ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚቀጥለው ስለሆነ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ግመልና ከብትም አለ፤ እነሱ ደግሞ ጥሩንባ አይፈሩም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አብሮ መንዳት እንዴት ነው? ጎን ለጎን እያወሩ መሄድ የለም፤ አንዱ ጉድጓድ ሲሸሽ ሌላውን ይጥላል። በሌላው ዓለም ያሉ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። መሪው ከመስመሩ ግራ ይይዛል፣ ሁለተኛው ከኋላው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ። በቀጥታ ከፊታችሁ ካለው ሞተር የሁለት ሰከንድ ርቀት ጠብቁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ይህ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ፍሬን ለመያዝም፣ በድንገት ለገባች ጥጃ ለመሸሽም ቦታ ይሰጣል። ኩርባ ላይ ሲደረስ ሁሉም አንድ ሰልፍ ይሆናል።

መጥፋትስ? ለዚህም ብልሃት አለው። ኮምቦልቻ ላይ የደሴና የባቲ መንገድ ሲለያይ፣ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ዳር ይዞ ይቆምና ለሚመጡት አቅጣጫ ያሳያል። የመጨረሻው ነጂ ሲደርስ ቆሞ ያሳይ የነበረው ከፊቱ ገብቶ ይቀጥላል። ስልክ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ማንም አይጠፋም! የመጨረሻውን ቦታ ስለዚህ ለጀማሪ አትስጡ፤ መፍቻና ፓምፕ ለያዘ ብልህ ሰው ይሁን። ጀማሪው ከመሪው ኋላ ይሁን፣ የሁሉም ፍጥነት በጀማሪው ልክ ይወሰን። የቤንዚኑንም ነገር የሚወስነው ትንሽ የምትይዘው ሞተር ናት።

አንድ የማይዘለል ጉዳይ አለ። በአገራችን ብዙ ሞተር አንድ ላይ ሲታይ ጥርጣሬ ይነሣል። አዲስ አበባ በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ በዝቶባት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳትን ከልክላለች። የከሚሴ መንገድ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰበት ነው። ስለዚህ ታርጋና መንጃ ፈቃድ የተሟላ ይሁን፤ ለፖሊስ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የዕለቱን ሁኔታ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። «ዛሬ አይሻልም» ካሏችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ።

መንገዱ ደግ ሲሆን ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ ውጡ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ትደርሳላችሁ፣ ሳይመሽም ትገባላችሁ። ሄልሜት የሌለውን ሰው ግን፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ይዛችሁ አትውጡ።