በቀዶ ሕክምና መውለድ፡- ከዝግጅት እስከ ማገገም

አርባ ምንጭ፡- የአርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ገጽታ አላት። በከፍታው ላይ የተቆረቆረው ሴቻ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚበዙበት ሲሆን፣ በሜዳው የተዘረጋው ሲቀላ ደግሞ የገበያ፣ የመጓጓዣና የንግድ ማዕከል ነው። ከጨንቻና ከሌሎች የጋሞ ደጋማ ወረዳዎች ወደ ቆላው የሚወርዱ ተሽከርካሪዎች ገበያተኛና ሸቀጥ ብቻ አይደለም የሚያመጡት። አንዳንድ ጊዜ ምጥ የጸናባትን እናትም ይዘው ይደርሳሉ።

እንዲህ ላለችው እናት እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሕፃኑ በተፈጥሯዊው መንገድ መውጣት ካልቻለ፣ የእናትየዋንም ሆነ የልጇን ሕይወት ለማትረፍ ቀሪው አማራጭ በአብዛኛው የሆድና የማሕፀን ግድግዳን በመክፈት ሕፃኑን ማውጣት ነው። ይህም በተለምዶ "በኦፕራሲዮን መውለድ" እየተባለ የሚጠራው የቀዶ ሕክምና ወሊድ ነው።

ይህ ሕክምና አስፈላጊ የሚሆንባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ምጥ ሲረዝምና ሲታገድ፣ ሕፃኑ በማሕፀን ውስጥ በአግድም ሲቀመጥ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ሲዘጋ፣ እትብቱ ከሕፃኑ ቀድሞ ሲወጣ፣ የሕፃኑ የልብ ምት ሲዳከም፣ እንዲሁም ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት በእናትየዋ ላይ አደጋ ሲያስከትል ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን ይመርጣሉ። ቀደም ሲል በዚሁ መንገድ የወለደች እናትም ልዩ ክትትል ያስፈልጋታል።

እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተከናወኑ ወሊዶች 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን አኃዙ ከ20 በመቶ በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው መግለጫ በአንድ ሕዝብ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ወሊድ መጠን እስከ 10 በመቶ ሲያድግ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሞትን ከመቀነስ ጋር እንደማይያያዝ አስታውቋል።

የሁለቱ አኃዞች ልዩነት የችግሩን ሁለት ገጽ ያሳያል። በገጠር ሕክምናው በእጅጉ የሚያስፈልጋቸው እናቶች ሳያገኙት ሲቀሩ፣ በከተማ ደግሞ ያለ በቂ ሕክምናዊ ምክንያት ሊሠራ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ቀዶ ሕክምናው ሕይወት አዳኝ ቢሆንም የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝና በቀጣይ እርግዝና ላይ የሚከሰቱ ችግሮችን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ውሳኔው በሕክምና ምክንያት ላይ የተመሠረተ መሆን ይኖርበታል።

አገልግሎቱን ለገጠሩ ኅብረተሰብ በማቅረብ ረገድ የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞንና አካባቢው ተጠቃሽ ተሞክሮ አለው። በዚህ አካባቢ 700 ሺህ ገደማ ሕዝብን ባቀፈ ፕሮግራም፣ ጤና መኮንኖችን ጨምሮ የስፔሻሊስት ማዕረግ የሌላቸው ባለሙያዎች ድንገተኛ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። ጤና ጣቢያዎች ተጠናክረዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ወሊድንና ሞትን መዝግበዋል።

እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ የሆነው የዚሁ ሥራ ውጤት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ ከ2010 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት የእናቶች ሞት በ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ ከ477 ወደ 219 ዝቅ ብሏል። ቅነሳው የጎላው የተሟላ ድንገተኛ የማዋለድ አገልግሎት በቅርብ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ነው። የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወደ እናቶች ሲቀርብ ውጤቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

በአገር አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ የማሠልጠን መርሐ ግብር በመካሄዱ፣ ከታላላቅ ከተሞች ርቀው በሚገኙ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን መስጠት ተችሏል።

ይሁንና ሆስፒታሉና ባለሙያው መኖራቸው ብቻውን በቂ አይሆንም። የቀዶ ሕክምናው ውጤት ያማረ እንዲሆን ዝግጅቱ ከእርግዝና ክትትል ይጀምራል።

ነፍሰ ጡር እናት ክትትሏን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መጀመር ይገባታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ ከ2016 ወዲህ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል። በክትትሉ የደም ዓይነቷና የደም ማነስ መኖሩ ይመረመራል፤ የደም ግፊቷ ይለካል፤ አይረንና ፎሊክ አሲድ ይሰጣታል። የደም ማነስ ያለባት እናት በቀዶ ሕክምና ወቅት የሚፈሰውን ደም የመቋቋም አቅሟ አነስተኛ በመሆኑ፣ ችግሩን አስቀድሞ ማከም ከሁሉ የላቀ ዝግጅት ነው።

ቤተሰብም የበኩሉን ዝግጅት ያደርጋል። እናትየዋ የምትወልድበትን ተቋም መወሰን፣ መጓጓዣ ማመቻቸት፣ የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር መያዝ፣ ለጉዞና ለድንገተኛ ወጪ ገንዘብ መቆጠብ፣ ደም የሚለግሱ ዘመዶችን ማዘጋጀት፣ በቤት የሚቀሩትን ልጆች የሚጠብቅ ሰው መሰየም ያስፈልጋል። መኖሪያዋ ከሆስፒታል የራቀና አስጊ ምልክት የታየባት እናት ቀኗ ሳይደርስ በጤና ተቋም ወደሚገኝ የእናቶች ማቆያ ብትገባ ከአደጋ ትድናለች። በአገራችን ይህ አሠራር እ.ኤ.አ ከ1976 ጀምሮ በጉራጌ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ሲሠራበት የቆየ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ የሚከናወን ከሆነና አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ፣ የሕፃኑ ሳንባ በሚገባ እንዲጎለብት 39 ሳምንት እስኪሞላ መጠበቁ ይመረጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ጠጣር ምግብ አይበላም፤ ንጹሕ ውኃ ግን ሐኪሙ ካልከለከለ እስከ 2 ሰዓት ድረስ መጠጣት ይቻላል። ምግብ በሆድ ውስጥ ካለ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ "አቅም ይሰጣታል" በሚል በድብቅ ምግብ ማቅረብ ለእናትየዋ አደገኛ ነው።

በዋዜማው ገላን በሳሙና መታጠብ፣ ጌጣ ጌጥና የጥፍር ቀለምን ማስወገድ ይገባል። በቤት ውስጥ የሆድን ወይም የብልትን አካባቢ ፀጉር በምላጭ መላጨት ግን ቆዳን በማቁሰል ለተሕዋሲያን በር ስለሚከፍት አይመከርም። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችና የማይስማሟትን ለሐኪሙ ማሳወቅም የእናትየዋ ድርሻ ነው። ስለ ሕክምናው ምክንያትና ሊያስከትል ስለሚችለው ችግር በሚገባት ቋንቋ ተብራርቶላት የስምምነት ፊርማዋን ትሰጣለች።

አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ በመሆኑ፣ እናትየዋ ከወገቧ በታች ሕመም ሳይሰማት ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ድምፅ ትሰማለች። ቁስሉ እንዳይመርዝ ቀዶው ከመጀመሩ በፊት የፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ይሰጣታል፤ ፊኛዋ ባዶ እንዲሆንም የሽንት ቱቦ ይገባላታል። ሥራው በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

የማገገሙ ሂደት የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንደወጣች ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ይደረጋል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ወተቷ እስኪወርድ በሚል ለሕፃኑ ውኃ ወይም ቅቤ ማቅመስ ተገቢ አይደለም። እንገሩ ለሕፃኑ በቂና የመጀመሪያ ክትባት ያህል የሚጠቅም ምግብ ነው። ሕፃኑን በጎን በኩል አቅፎ ወይም ተጋድሞ ማጥባት ቁስሉን ከጫና ያሳርፋል።

እናትየዋ ማደንዘዣው ከለቀቃትና ባለሙያው ከፈቀደላት በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ተደግፋ ከአልጋ መነሳትና ጥቂት እርምጃ መራመድ ይኖርባታል። ብዙ ቤተሰብ "ቁስሏ እንዳይከፈት" በሚል እንዳትንቀሳቀስ ሲከላከላት ይታያል። ይህ የመውደድ ምልክት ቢሆንም ለረጅም ጊዜ መተኛት በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ምክንያት ይሆናል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ምግብን በተመለከተ በፈሳሽ ተጀምሮ በአጥሚትና በሾርባ ይቀጥላል፤ ሆዷ ሲላመድም ገንፎውና ሌላው ምግብ ይከተላል። ሆድ እንዳይደርቅ ውኃ፣ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ማዘውተር ይረዳል። በዚህ ረገድ የአርባ ምንጭ አካባቢ የታደለ ነው። ሙዙ፣ የሐይቁ ዓሣና በየጓሮው የሚገኘው የሽፈራው ቅጠል ለአራስ እናት የሚስማሙ፣ በዋጋም የማይከብዱ ምግቦች ናቸው።

ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት ይገባዋል። እንደ ሲቀላ ባለ ሞቃታማ ሥፍራ ላብ ቁስሉን ስለሚያረጥበው፣ ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ በየዕለቱ በንጹሕ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይመረጣል። ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ቁስሉ ላይ ማድረግ ግን ለመመረዝ ያጋልጣል።

በዚህ አካባቢ በተለይ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ቆላማው የጋሞ ክፍል የወባ ሥርጭት ያለበት በመሆኑ፣ አራሷን ትኩሳት ሲይዛት ቤተሰብ "ወባ ነው" ብሎ መድኃኒት ገዝቶ ሊሰጣት ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ትኩሳት የማሕፀን ወይም የቁስል መመረዝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የወባ ምርመራም ሆነ የቁስሉ ምርመራ በአንድነት በጤና ተቋም መደረግ አለበት። በግምት የባከነ አንድ ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። እናትና ሕፃን በአጎበር ውስጥ መተኛታቸውም አይዘነጋም።

ከትኩሳት በተጨማሪ ብዙ ደም መፍሰስ፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል መያዝ፣ የባት ሕመምና እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝና ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ ለሕፃኑ ግድ ማጣትም ሕክምና የሚያሻው በሽታ እንጂ የጠባይ ጉድለት ተደርጎ መታየት አይገባውም።

ሙሉ ማገገም ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራሷ ከልጇ የሚከብድ ነገር እንዳታነሳ ይመከራል። 20 ሊትር ውኃ የሚይዝ ጀሪካን ወይም የማገዶ ሸክም በጀርባዋ ማድረግ የለባትም። ስለሆነም የባለቤቷና የጎረቤት እገዛ የሕክምናው አካል ነው።

ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማዘግየት ለማሕፀኑ ጠባሳ መጠገኛ ጊዜ ይሰጣል። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሁልጊዜ እንዲሁ ትወልዳለች ማለት አይደለም። ተመርጠው በሆስፒታል ክትትል ከሚሞክሩት መካከል አብዛኞቹ በተፈጥሯዊው መንገድ ይገላገላሉ። ሆኖም ጠባሳው በምጥ ጊዜ ሊተረተር ስለሚችል በቤት መውለድ ለእርሷ ፈጽሞ አይፈቀድም። የቀዶ ሕክምናውን ምክንያትና ዓይነት የሚገልጸው የሆስፒታል ወረቀትም ለቀጣዩ ወሊድ ስለሚያስፈልግ በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሂደት ውስጥ ቀጥተኛ ድርሻ አላቸው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር የሚከፈል ፈቃድ ደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ ቀድሞ 60 ቀን የነበረውን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከፍ አድርጎት ነበር። ለአባትም 10 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙም አስቀምጦ ነበር።

የእንዲህ ያሉ ድንጋጌዎች ፋይዳ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሠራተኛ ጎልቶ ይታያል። አባት ፈቃዱን የሚያስፈልገው አራሷ ከአልጋ ስትነሳ የሚደግፋት፣ ውኃ የሚቀዳላትና የአደጋ ምልክት ሲታይ ፈጥኖ ወደ ሐኪም የሚያደርሳት ሰው እንድታገኝ ነው። ወደ ሥራ ስትመለስም ከባድ ዕቃ ከማንሳት፣ ለረጅም ሰዓት ከመቆምና ከአድካሚ የመስክ ጉዞ ለጥቂት ጊዜ ብታርፍ ሥራው አይጎዳም።

በየደረጃው ያሉ የአስተዳደር አካላት ኃላፊነት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ነዳጅ ያጣ አምቡላንስ፣ በክረምት የተቆረጠ የገጠር መንገድ፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር የሌለው የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ስንቅ ያልተዘጋጀለት የእናቶች ማቆያ ሁሉም የሐኪሙን ሙያ ዋጋ ያሳጡታል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ ጤነኛ ሠራተኞች በየሦስት ወሩ ደም ቢለግሱም በደም እጦት የሚጠፋውን የእናት ሕይወት መታደግ ይቻላል።

በኢትዮጵያ በ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ እ.ኤ.አ በ2000 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 መውረዱ፣ ጥረቱ ፍሬ እንደሚያፈራ ያሳያል። ከደጋው ወደ ሲቀላ የምትወርደው እናት በሰዓቱ ደርሳ፣ በሰላም ታክማና አገግማ ልጇን ታቅፋ ወደ ቀዬዋ እንድትመለስ ግን የቤተሰብ፣ የጤና ተቋማትና የመንግሥት አካላት ቅንጅት አሁንም ሊጠናከር ይገባል።