እግርና ድስት፦ የእንጦጦ ዳገትና የምስር ወጥ ፊዚክስ

ፊዚክስ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ የሚያስበው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተደረደረ ቀመር ወይም በቤተ ሙከራ ውስጥ የተቆለፈ መሣሪያ ነው። የተፈጥሮ ሕግጋት ግን ከቤተ ሙከራው ደጃፍ ውጭም ሥራቸውን አያቋርጡም። በዕረፍት ቀኑ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ማታ የምስር ወጥ ሠርቶ የሚበላ ሰው ሳይታወቀው ሁለት ሰፋፊ የፊዚክስ ምዕራፎችን ሲያገላብጥ ይውላል። አንዱ የእንቅስቃሴ ጥናት ሲሆን ሁለተኛው የሙቀት ጥናት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አጣምረን እንመለከታለን። ማጣመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው የሚኖሩበት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

መራመድ ማለት ምን ማለት ነው?

የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ከፍ ባለ ቁጥር ይዘገያል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ይፈጥናል። ከከፍታ የሚገኘው ኃይልና ከእንቅስቃሴ የሚገኘው ኃይል እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ ሰዓቱ የሚፈልገው ድጋፍ ጥቂት ነው። የሰው አካሄድም ይኸው ፔንዱለም ተገልብጦ ነው። ተረከዛችን መሬት ሲረግጥ እግራችን እንደ ምርኩዝ ቀጥ ይላል፣ ሰውነታችንም በላዩ ቅስት እየሠራ ያልፋል። ወደ ቅስቱ ጫፍ ስንወጣ በጥቂቱ እንዘገያለን፣ ከጫፉ ስንወርድ ደግሞ እንፈጥናለን። በተመቸ ፍጥነት በሚደረግ ጉዞ በዚህ ቅብብሎሽ የሚተርፈው መካኒካዊ ኃይል እስከ 65 በመቶ እንደሚደርስ ተለክቷል። ጡንቻ መሙላት የሚጠበቅበት ቀሪውን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ መራመድ የሚችል ሰው ቀኑን ሙሉ መሮጥ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ስልት ግን ወሰን አለው። በቅስት ላይ የሚጓዝን አካል ወደ መሬት ስቦ የሚይዘው የመሬት ስበት ነው። የፍጥነቱ ካሬ ከመሬት ስበትና ከእግር ርዝመት ብዜት በላይ ከሆነ እግር መሬት መልቀቁ አይቀርም። የእግሩ ርዝመት 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ይህ ወሰን በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ነው። በተግባር ግን ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ መሮጥ ይቀለዋል። ሕፃን ልጅ ከአባቱ ጎን ሲሄድ ዱብ ዱብ የሚለው ስለሚቸኩል ሳይሆን እግሩ አጭር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ጨረቃ ላይ የወረዱት ጠፈርተኞችም እንደ ምድር መራመዱን ትተው የዘለሉት፣ የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ነው።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። በለጥ ያለ መንገድ ላይ በተመቸው ፍጥነት የሚሄድ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በአንድ ሜትር 3.3 ጁል ገደማ ያወጣል። ስለዚህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 2,000 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልገዋል። ይኸው ሰው ከአዲስ አበባ መሃል ተነሥቶ ወደ እንጦጦ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ቢወጣ፣ የመሬት ስበትን ለማሸነፍ የሚሠራው ሥራ 350 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ ሩቡን ያህል በመሆኑ ወጪው 1,400 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህም ተጨማሪ 7 ኪሎ ሜትር ሜዳ ከመሄድ ጋር እኩል ነው። ቁልቁለቱስ? ለስላሳ ቁልቁለት ከሜዳም ይረክሳል። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ግን ጡንቻ እየተሳበ ፍሬን እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ በማግሥቱ ጭናችንን የሚያመንም ከዳገቱ ይልቅ ይህ ነው።

ዳገቱና ሜዳው ተደምረው 3,400 ኪሎ ጁል መሆናቸው ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 1,450 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የዕለቱ ጉዞ በምስር ሲመነዘር 230 ግራም ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ እግራችን ወደ ድስቱ አደረሰን።

ውኃው ይፈላል፣ ምስሩ ግን አይበስልም

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ ከበላያችን ያለው አየር ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንጦጦ ላይ 90፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 85 ገደማ ነው። በአንጻሩ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳሎል አካባቢ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል።

ስምንት ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ መመሪያ አለ፤ ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነታቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በባሕር ወለል ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ድስት አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይጠይቃል ማለት ነው።

ታዲያ እሳቱን ብንጨምርስ? ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ ምንም ያህል እሳት ቢነድበት ከመፍላት ነጥቡ አያልፍም። ትርፉ ሙቀት ሁሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ይበቃል። ያንኑ ሊትር እንፋሎት አድርጎ ለመጨረስ ግን 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። እየተንተከተከ ያለ ክዳን የለሽ ድስት ማገዶውን ወደ ጣሪያ እየላከ ነው። ክዳኑ ገጥሞ፣ እሳቱ ቀንሶ፣ ዝግ ብሎ የሚፈላው ድስት ግን በእኩል ሰዓት ያበስላል።

የደጋው ሰው መላ

የአገራችን የጾም ምግብ አሠራር ይህን የከፍታ ችግር በቀመር ሳይሆን በልምድ ፈትቶታል። የመጀመሪያው መላ መዘፍዘፍ ነው፤ ውኃ ወደ ጥራጥሬው እምብርት ቀስ ብሎ የሚሰርገው እሳት ሳይነድበት ነው። ሁለተኛው መክካት ነው። ውኃና ሙቀት ወደ ውስጥ ለመዝለቅ የሚወስድባቸው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ውፍረቱ ግማሽ የሆነ ክክ ሩብ ያህሉን ጊዜ ብቻ ይፈልጋል፤ ልጣጩም ተነሥቷል። ሦስተኛው ከሁሉም የረቀቀው ሽሮ ነው። ሽሮ አስቀድሞ በምጣድ ይታመሳል። ደረቅ ምጣድ ላይ የመፍላት ነጥብ የሚባል ወሰን ስለሌለ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ መውጣት ይችላል። ከታመሰ በኋላ ይፈጫል፣ ውፍረቱም ወደ ኢምንት ይወርዳል። ለድስቱ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ድስት ከፍታን ያውቃል፣ ምጣድ ግን ከፍታን አያውቅም ብንል አልተሳሳትንም።

የመንገደኛ ስንቅ የሆኑት ቆሎና በሶም የዚሁ ጥበብ ልጆች ናቸው። ውኃቸው በምጣድ ላይ ስለተነነ ክብደታቸው ቀላል፣ ኃይላቸው ብዙ ነው፤ በተራራ ላይም ድስትና ማገዶ አይጠይቁም።

ድስቱን ራሱን መለወጥ ለሚፈልግ ደግሞ ፕሬዠር ኩከር አለ። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፐን እ.ኤ.አ. በ1679 የዚህን ድስት አባት በለንደን አስተዋውቋል፤ ድስቱ እንዳይፈነዳ የግፊት ማስተንፈሻ የጨመረበትም እርሱ ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው ዓይነት፣ ባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ተጨማሪ ግፊት ከያዘ፣ አዲስ አበባ ላይ ውኃውን እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል።

ሸክሙን ማን ይሸከማል?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነ ወዲህ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የከተማዋን ድስቶች ያፈላው ጭራሮና ቅጠል በእናቶችና በእኅቶች ጀርባ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኬንያ ሴቶች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ሸክም የለመዱ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ያለ ተጨማሪ ኃይል መሸከም እንደሚችሉ አሳይቷል። በ1995 የወጣው ተከታዩ ጥናት ምክንያቱን ሲመረምር፣ ሸክሙ ሲጨመር የፔንዱለሙ ቅብብሎሽ ይበልጥ እንደሚሻሻል አገኘ። ይህ ግን 50 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሴት 10 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኪሎ ይከፈልበታል፤ የእንጦጦ የእንጨት ሸክም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይልቃል። ተፈጥሮ የሰጠችው ቅናሽ እዚያ አይደርስም።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ለብዙ ከተሜ የመዝናኛ ጉዞ ስፍራ ሆኗል። በገጠሩ የአገራችን ክፍል ግን አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በማገዶ ነው፤ ማገዶውም በእግር ይመጣል። ስለዚህ የድስት ክዳን ጉዳይ የወጥ ቤት ወግ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከድስቱ በከንቱ የሚተንነው እንፋሎት ተመልሶ ቢመዘን የአንዲት ሴት ሸክም አካል ነው።

እንግዲህ ጥራጥሬውን ከማታ እንዘፍዝፍ። ድስቱ ሲፈላ እንክደንና እሳቱን እንቀንስ። ቲማቲም አሲዱ ጥራጥሬው እንዳይለሰልስ ስለሚይዘው፣ የምንጨምረው ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይሁን። ለመንገድ ስንወጣ ቆሎ በኪሳችን እንያዝ፣ ዳገቱንም ሳንቸኩል፣ ፔንዱለሙ በሚወደው ፍጥነት እንውጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ብሂል በፊዚክስም የሚያስኬድ ነው።