ደወሌን በስንት ዓይነት ትጽፏታላችሁ?

ደወሌ ላይ የትራንዚት ቢሮ ያለው ወዳጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ «አቦ፣ ያን ሁሉ ብር ያወጣሁበት ድረ ገጽ ጎግል ላይ የለም!» አለኝ። ውጭ፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የመጡ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሹፌሮቹን ድረ ገጽ አያመጣቸውም። ድረ ገጹ የሚያመጣው ዕቃው ድንበር ላይ ቆሞበት፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ደወሌ ትራንዚተር» ብሎ የሚፈልገውን አስመጪ ነው።

ስልኩን ተቀብዬ ፈለግሁ። ድረ ገጹ አለ። የሚወጣው ግን የድርጅቱን ስም ከነኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሩ ለጻፈ ሰው ነው። ያን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስልክ ቁጥሩንም ያውቃል።

የትንሽ ድርጅት ድረ ገጽ የተናቀ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው ያለው፤ እኔም እዚያው ነኝ። ነገር ግን ትናንት ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁት ዛሬ ሃያ መልእክት ወርዶበታል። «ዲክላራሲዮን ለማስሞላት ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ለሚል ጥያቄ የተጻፈ አንድ ገጽ ግን ባለቤቱ ተኝቶም መልስ ይሰጣል።

መፈለጊያው እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሊንክ ወደ ሊንክ የሚሄድ ፕሮግራም ገጾችን አንብቦ መዝገቡ ውስጥ ያስገባል፤ ስንጠይቀው መዝገቡን ይገልጣል። ብር ከፍሎ ላይ መውጣት የሚቻለው በማስታወቂያው ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ ተብሎ ይጻፍበታል። ከገጹ ጀርባ ተደብቆ የሚደረደረውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ጎግል ደረጃ ለመስጠት እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። ዛሬም ሠላሳ ቃል ደርድሮ የሚያስከፍል ባለሙያ አያለሁ።

የወዳጄ ድረ ገጽ ከመነሻው ገጽ ሌላ ያለው አንድ ረጅም የአገልግሎቶች ገጽ ብቻ ነበር። ገቢ፣ ወጪ፣ መጋዘን፣ ማጓጓዣ ሁሉም አንድ ላይ ታጭቀዋል። ርዕሱ ደግሞ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ»! ይህ ርዕስ እኮ ፍለጋው ላይ በትልቁ የሚታየው መስመር ነው። ማን ነው «እንኳን በሰላም መጡ» ብሎ ትራንዚተር የሚፈልገው? ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ገጽና የራሱን ርዕስ ሰጠን፤ ከመነሻው ገጽ ወደ እያንዳንዳቸው የሚያደርስ ሊንክ አደረግን። በስልክ ቶሎ መከፈቱን፣ ቁጥሩ ሲነካ መደወሉን፣ ቢሮው ጎግል ካርታ ላይ መኖሩን አያችሁ ማለት መሠረቱ አለቀ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ስም አጻጻፍ።

ደወሌን እንዴት ትጽፏታላችሁ? በአማርኛ ደወሌ የሚል አለ፣ ደወንሌ የሚልም አለ። በላቲን ፊደል መሃሉ ላይ ኤን የሚጨምር አለ፣ የማይጨምር አለ። ጅቡቲ ያለው ደንበኛ በፈረንሳይኛ ልማድ ይጽፋል። ይባስ ብሎ ቃሉ በአማርኛ «የኔ ደወል» ማለትም ይሆናል፤ ጣት ትንሽ ከሳተ ደግሞ «ደወለ» ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ ደወሌ ብቻዋን መቆም የለባትም። «ደወሌ ጉምሩክ»፣ «ደወሌ፣ ሲቲ ዞን፣ ሶማሌ ክልል» ተብላ ከዘመዶቿ ጋር ትጻፍ።

ጅጅጋም ያው ናት፤ ጂጂጋ፣ ጅግጅጋ። ሶማልኛው በላቲን ሲጻፍ መሃሉ ላይ ሌላ «ጂ» (g) ፊደል ይጨምራል። ከሁሉ የባሰችው ግን ቶጎ ውጫሌ ናት። ቶጎጫሌ የሚላት አለ፣ በደፈናው ውጫሌ የሚላት አለ። «ውጫሌ» ብቻ ብሎ የፈለገ ነጋዴ ወሎ ያለችው ውጫሌ ገብቶ እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የውጫሌ ውል ቢያነብ አይፈረድበትም። ያ ውል በአንቀጽ 17 አማርኛና ጣልያንኛ አለመስማማት እንደፈረሰ ሳስብ፣ ስሟ እስከ ዛሬ በሁለት ቋንቋ መሃል ሰው ማወዛገቡ ያስቀኛል።

ሶማልኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1972 ሶማሊያ ውስጥ ሲጸድቅ ኤክስ ለ«ሐ» ድምፅ፣ ሲ ለ«ዐ» ድምፅ ተመደቡ። ስለዚህ መሐመድ የሚለውን ስም ሶማልኛ አንባቢ በኤክስ ይጽፋል፣ እንግሊዝኛ የለመደው በኤች። ሱቃችሁ በአባታችሁ ስም ከተጠራ ሁለቱንም መጻፍ ግድ ነው።

አማርኛችንስ? ለኛ «ዕቃ» እና «እቃ» አንድ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። መፈለጊያው አንዳንዴ ይገምታል፤ ግምቱ ላይ ሥራዬን አልጥልም። መድኃኒቱም አሥር አጻጻፍ ገጹ ግርጌ ላይ በነጭ ቀለም ደብቆ መደርደር አይደለም፤ ጎግል ይህን ማጭበርበር ብሎ ይቀጣል። «ቢሯችን ደወሌ፣ አንዳንዶች ደወንሌ በሚሏት ከተማ፣ ከጉምሩኩ አጠገብ ነው» ብሎ እንደ ሰው መጻፍ ነው። ለሶማልኛ አንባቢ ደግሞ የራሱን ገጽ፣ የሶማልኛ ተናጋሪ ጽፎት።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን ጅጅጋ የአንድ መጋዘን ድርጅት ድረ ገጽ ከፍቼ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ አየሁ። ጽሑፉ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ተተይቦ፣ ከቢሮው ኮምፒውተር እንዳለ የተገለበጠ ነው። እነዚያ የድሮ ፎንቶች በላቲኑ ፊደል ቦታ የኛን ፊደል መልክ ይሥሉ ነበር እንጂ ፊደሉን አልጻፉም። የቢሮው ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ለዚህ ነው «እኛ ጋ እኮ ይሠራል» ያሉኝ። ለመፈለጊያው ግን አንድም የአማርኛ ቃል የለም። የዋጋ ዝርዝርን፣ አድራሻንና ስልክን ፖስተር አሠርታችሁ በፎቶ ብቻ የምትለጥፉም ከዚህ ብዙ አትርቁ። ፎቶው ያምራል፤ ቃሉን ግን ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት።

የወዳጄ ነገር ሌላም ጣጣ ነበረበት። ድረ ገጹን የሠራለት ሰው ሥራው ሳያልቅ እንዳይታይ ብሎ «የመፈለጊያ ፕሮግራሞች አይመዝግቡት» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጎባት፣ ከአገልግሎቶቹ ክፍል ላይ ሳያነሳት ሄዷል። አንዲት ጭረት ናት። አነሳናትና በጎግል ሰርች ኮንሶል፣ በነፃ፣ የገጾቹን ዝርዝር ላክን። ወዲያው አልመጣም፤ ሳምንታት ፈጀ። መጀመሪያ ደውሎ «ከጎግል ነው ያገኘኋችሁ» ያለው ሰው ደወንሌ ብሎ የፈለገ ነበር።

እናንተም ዛሬ ማታ የድርጅታችሁን ስም ተዉትና ሥራችሁንና ከተማችሁን ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ። በራሳችሁ ስልክ ሳይሆን በጎረቤት ስልክ ይሁን፤ የእናንተ ስልክ ያስለመዳችሁትን ድረ ገጽ እያስቀደመ ያታልላችኋል።