የሳንታ ፌ ቤት በቱሉ ዲምቱ

በካውቦይ ፊልም የምናውቀው የአሜሪካ ምዕራብ ከፈረሱና ከባርኔጣው ሌላ የቤት ወግም አለው። አንዱ የከብት አርቢዎቹ ነው፤ ያልተላገ ግንድ፣ ከነጠጉሩ የተነጠፈ የላም ቆዳ፣ ቀንድና ኮርቻ ይታይበታል። ሌላው በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና የዳበረው የደቡብ ምዕራብ ስልት ሲሆን መሠረቱ ጭቃ ነው። በገላን፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተቀብሎ ባዶ ግድግዳ ለሚያይ ሰው ከሁለቱ የሚቀርበው ይህ የጭቃው ይመስለኛል። ከውጭ የሚመጣ የቁልቋል ሥዕልና የፕላስቲክ ቀንድ መግዛትም አያሻውም። ዋና ዋናው ነገር እዚሁ አለ።

ስልቱን የጀመሩት ፑዌብሎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። በታኦስ ያለው ደራርበው የሠሩት የጭቃ መንደር ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስፔኖች ሲመጡ ጭቃና ጭድ በእንጨት ቅርጽ እየመቱ ጡብ ማድረቅን አስፋፉ፤ በጎችንም አመጡ። ናቫሆ የሚባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች በበጎቹ ሱፍ የሸመኗቸው ምንጣፎች ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው። የኒው ሜክሲኮ ዋና ከተማ ሳንታ ፌ ደግሞ የአሮጌው ከተማዋ መልክ እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1957 በደንብ ደነገገች።

ሳንታ ፌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ የእኛዋ አቃቂም በከፍታ ከዚያ ብዙ አትርቅም። በሁለቱም ቦታ የቀኑ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል፤ የደጋ ሰው ቤቱን በጭቃ ሲመርግ የኖረው ይህን በኑሮው ስላወቀ ነው። የሚለያየን ዝናቡ ነው። እዚያ የዓመቱ ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ የእኛ ከ1,000 ያልፋል። ለዚህ ነው የእነሱ ጣራ ጠፍጣፋ፣ የእኛ ደግሞ ግድግዳውን ከክረምት የሚከልል ዘቅዛቃ ቆርቆሮ የሆነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ዝናብ አይደርስምና ጭቃው ያለ ስጋት ወደ ሳሎን መግባት ይችላል።

አፈሩን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ለጤፍ እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ቀይ አፈር ይፈለግ፣ በወንፊት ይነፋ፤ አሸዋና ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ ይጨመርበትና ውኃ ጠጥቶ ጥቂት ቀን ይክረም፤ ከዚያ በእግር ይረገጥ። ግድግዳውን በሙሉ ከመጀመር በፊት በአንድ ጥግ ጥቂት ቀብቶ ማድረቅ ይሻላል። ከተሰነጠቀ አሸዋ ያንሰዋል፤ በእጅ ሲታሽ ከረገፈ አፈሩ አንሶታል። የብሎኬት ግድግዳው በሲሚንቶ ወይም በጀሶ ለስልሶ ከሆነ ጭቃ አይዝበትም፤ በመዶሻ መቧጠጥ ወይም የሽቦ ወንፊት መምታት፣ ከዚያም ማርጠብ ያስፈልጋል። ከላይ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ ውኃ ካለ ግን አይሞከርም፤ መጀመሪያ ፍሳሹ ይጠገን። አንድ ግድግዳ ብቻ ይበቃል፤ አራቱም ከተመረጉ ክፍሉ ይጨልማል።

በኒው ሜክሲኮ የመጨረሻውን ስስ ልስን በእጃቸው የሚያለሰልሱት በባህሉ ሴቶች ናቸው። በእኛም ገጠር ወለሉንና ግድግዳውን በእበት የሚለቀልቁት እናቶች ናቸው። ይህን ሙያ የሚያውቁ እናቶች በየሰፈሩ ስላሉ፣ ግድግዳ የሚያሳምር ሰው ከቀለም ቀቢው በፊት እነሱን ቢጠይቅ፣ ለእጃቸውም ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል ደስ ይለኛል።

ለወለሉ የመንዝ ባና አለ። የመንዝ በግ ሱፍ ሸካራና ጠንካራ ነው፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ያለ ማቅለሚያ የበጉ የራሱ መልክ ናቸው፤ ከጭቃው ጋር ይዋደዳሉ። የናቫሆን ጥለት በማሽን ያተመ ብርድ ልብስ ከመግዛት ይህ እጅግ ይሻላል፤ ያ ጥለት የራሱ ሸማኔዎች አሉት፣ የእኛም ሸማኔ ገበያ ይፈልጋል። ባናውን ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

የቆዳው ጉዳይ ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሩቅ አይደለም፤ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት በዚሁ ነው የቆየው። ከነጠጉሩ የሚነጠፍ የላም ቆዳ ሲገዛ በደንብ የለፋ መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ጨው ተነስንሶበት ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀ ቆዳ ክረምት ሲገባ ይሸታል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ አጠገቡ ቢቀመጥ የምዕራቡ ቤት መንፈስ ይሟላል፤ የቀንድ ዋንጫም ካለ አንድ ይበቃዋል። ለጣራ የሚሆን ግንድ መሰቀል የለበትም፤ ኮንክሪቱ አልተሠራለትም። ልጡ ተልጦ በደንብ የደረቀ ቀጭን ባሕር ዛፍ ግን ለመጋረጃ ዘንግ ጥሩ ነው።

የኒው ሜክሲኮ ሰዎች በርና መስኮታቸውን ሰማያዊ ይቀባሉ፤ ክፉ መንፈስ ያርቃል የሚል እምነት አላቸው። ለቀይ ጭቃ ሰማያዊ መዝጊያ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ የቀረው ግድግዳ የአሸዋ መልክ ይቀባ።

ነጭ ፍሎረሰንት ይህን ሁሉ ልፋት ያጠፋዋል። ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው አምፖል ከጎን ዝቅ ብሎ ሲበራ የመራጊዋ የእጅ አሻራ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ መያዣውን የሰፈር ብየዳ ቤት በጥቁር ብረት ይሠራዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ለሽቦ መንገድ ቢፈነቀል፣ ጥገናው ሲደርቅ ከቀረው ጋር መልኩ አንድ አይሆንም።