የከዋክብትን ልደት የሚናገር አቧራ

ኮከብ የሚወለደው በጨለማ ውስጥ ነው። በጋላክሲዎች ውስጥ የተዘረጋው ቀዝቃዛ ጋዝ በራሱ ስበት እየተኮማተረ ኮከብ ሊሆን ሲል፣ አብሮት ያለው አቧራም ይጠቀጠቅና ስፍራውን ይጋርደዋል። በዚህ ምክንያት ጋላክሲን በተራ ቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው በብዛት የሚያየው ከተወለዱ የሰነበቱትን ከዋክብት ነው፤ የልደቱ ሰፈር ራሱ ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይታየዋል። ታዲያ አንድ ጋላክሲ በዓመት ምን ያህል ኮከብ እንደሚወልድ በምን ይታወቃል? የሚመሰክረው ያው ልደቱን የሸፈነው አቧራ ነው።

ይህ አቧራ መንገድ ላይ የሚቦነው ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ቅንጣት ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል። በዋናነት የሲሊኬትና የካርቦን ቅንጣት ሲሆን፣ ያረጁ ከዋክብት ወደ ውጭ የረጩት ቁስ ሲቀዘቅዝ ይፈጠራል። በከዋክብት መካከል ካለው ቁስ ውስጥ ድርሻው 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቢያንስም ግን ብርሃን በመጋረድ ረገድ ኃይለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ሮበርት ትራምፕለር የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የከዋክብት ክምችቶችን ርቀት ሲያነጻጽር፣ ሩቅ ያሉት ከሚጠበቀው በላይ ደብዝዘው አገኛቸው፤ በመካከሉ ብርሃን የሚውጥ ነገር እንዳለም አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ አቧራ ለብዙ ዘመን እንደ እንቅፋት ሲታይ ኖረ፤ ልኬት የሚያዛባ፣ በስሌት ተስተካክሎ ከመንገድ መወገድ ያለበት ነገር ነበር።

ሆኖም አቧራ የዋጠው ብርሃን አይጠፋም። ብርሃኑ ቅንጣቱን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ቅንጣትም የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይረጨዋል። የሚረጨው ግን ዓይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ይባላል፤ ዊልያም ኸርሼል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ቴርሞሜትር ሲያኖር ያገኘው ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከምጣዱ ሥር ያለውን እሳት ባታየውም፣ እጇን ከምጣዱ በላይ ዘርግታ ብርታቱን ታውቃለች። ተመራማሪውም ከአቧራው ሙቀት ተነስቶ ከበስተጀርባው ስላሉት ከዋክብት የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ሙቀቱ በተለይ ስለ አዲስ ልደት የሚናገርበት ምክንያት አለ። ከዋክብት በቡድን ሲወለዱ ትልልቆቹ እጅግ ትኩስና ደማቅ ይሆናሉ፤ የሚረጩት በአብዛኛው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲሆን፣ አቧራ በቀላሉ የሚውጠውም ይህንኑ ነው። ዕድሜያቸው ደግሞ አጭር ነው። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስትኖር፣ ከእሷ 20 እጥፍ የሚገዝፍ ኮከብ 10 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላውም። ስለዚህ አቧራው በእነሱ ብርሃን ሞቆ ከተገኘ፣ ልደቱ የተፈጸመው በቅርቡ ነው ማለት ነው፤ ትልልቆቹ ከታወቁ አብረዋቸው የተወለዱት ትንንሾቹ በስሌት ይገመታሉ። በዚህ ስሌት የ10 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል የታህተ ቀይ ጉልበት የሚረጭ ጋላክሲ በዓመት ከ1 እስከ 2 ፀሐይ የሚያህል ቁስ ወደ ኮከብነት ይለውጣል።

አቧራው ሁሉ ግን በአንድ ዓይነት ብርሃን አይናገርም። የሞገድ ርዝመቱ 8 ማይክሮን አካባቢ በሆነ ብርሃን የሚያበሩት ካርቦንና ሃይድሮጅን ቀለበት እየሠሩ የተያያዙባቸው ሞለኪውሎች ናቸው፤ ዘመዶቻቸው በምድር ላይ በጥላሸትና በመኪና ጭስ ውስጥ ይገኛሉ። 24 ማይክሮን ላይ ጎልቶ የሚታየው በትኩስ ወጣት ከዋክብት አጠገብ ሆኖ የሞቀው አቧራ ነው። 100 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ደግሞ በጋላክሲው ሁሉ የተበተነው፣ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀዘቅዘው አቧራ ድርሻ ነው። ልደትን ለመቁጠር ተመራማሪዎች ብዙ የተመኩበት ያ መካከለኛው፣ 24 ማይክሮኑ ነው።

ይህን ብርሃን ከምድር መለካት ያስቸግራል። በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ቴሌስኮፑም ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት ታህተ ቀይ እየረጨ ልኬቱን ይሸፍነዋል። መፍትሔው ቴሌስኮፑን አቀዝቅዞ ወደ ጠፈር መላክ ሆነ። አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታንያ በጥር 1983 ያመጠቁት አይራስ የተባለው ሳተላይት በ10 ወር ሥራው ሰማዩን ከሞላ ጎደል በሙሉ በታህተ ቀይ ቃኘ። በነሐሴ 2003 ስፒትዘር የተባለው ቴሌስኮፕ ተከተለ፤ መስታወቱ 85 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ነበርና የጎረቤት ጋላክሲዎችን ክንዶች ለይቶ ማየት ቻለ። በ2009 የተላከው ኸርሼል የተባለው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ደግሞ 3.5 ሜትር መስታወት ይዞ ቀዝቃዛውን አቧራ እስከ 2013 ሲለካ ቆየ።

ስፒትዘር ከሠራቸው ሁሉ ለዚህ ጉዳይ መሠረት የጣለው በሮበርት ኬኒከት የተመራው የ75 ጎረቤት ጋላክሲዎች ጥናት ነው። ከዚሁ ስብስብ ዳኒዬላ ካልዜቲና ባልደረቦቿ 33 ጋላክሲዎችን መርጠው የአቧራውን ብርሃን በሌላ ሚዛን ፈተኑት። ሚዛኑ ሃይድሮጅን የሚረጨውና አቧራን በተሻለ ሁኔታ የሚያልፈው ብርሃን ነበር፤ የለካውም ሃብል ቴሌስኮፕ ነው። በ2007 የወጣው ውጤት የመስኩን አሠራር ለወጠ። ከሁሉ የታመነው ልኬት የተገኘው ሁለት ነገር ሲደመር ነው፤ ከአቧራው ያመለጠው የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን እና አቧራው ውጦ በ24 ማይክሮን የመለሰው። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሂሳቡ ይጎድልበታል።

ጉድለቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አንቴና የሚባሉት ሁለት እየተጋጩ ያሉ ጋላክሲዎች ያሳያሉ። ከእኛ 70 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። በተራ ፎቶግራፍ ሲታዩ ደማቅ ሰማያዊ የከዋክብት ክምችት ሞልቶባቸዋል፤ አይሶ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ1990ዎቹ ሲለካቸው ግን ብርቱው የልደት ስፍራ ሁለቱ በሚደራረቡበት፣ በፎቶግራፉ ምንም በማይታይበት ጨለማ ቦታ ተገኘ። 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀው አርፕ 220 የተባለው ጋላክሲ ደግሞ ከትሪሊዮን ፀሐይ በላይ ጉልበት የሚረጭ ሲሆን፣ ያ ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉም በታህተ ቀይ ነው። እኛ የምንኖርበት ፍኖተ ሐሊብ በዓመት 2 ፀሐይ የሚያህል ቁስ እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ሲወልድ፣ አርፕ 220 ከ100 በላይ ይወልዳል።

ምስክሩ ግን መመርመር ይገባዋል፤ አቧራን የሚያሞቁት ወጣት ከዋክብት ብቻ አይደሉምና። በአንድሮሜዳ ጋላክሲ እምብርት ያለውን አቧራ የሚያሞቁት በዚያ የታጨቁ አሮጌ ከዋክብት ናቸው፤ ልደቱ በብዛት ያለው ከእምብርቱ 33 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በሚዞረው ቀለበት ላይ ነው። በአንዳንድ ጋላክሲዎች ማዕከል ደግሞ ብላክ ሆል የሚውጠው ጋዝ ግሎ አቧራውን ስለሚያሞቅ ሙቀቱ የኮከብ ልደት ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው አይ ዝዊኪ 18 እንደተባለችው ያሉ ትንንሽ ጋላክሲዎች ከባድ ንጥረ ነገር ስለሚያንሳቸው አቧራም ያንሳቸዋል፤ ከዋክብት እየወለዱ የታህተ ቀይ ብርሃናቸው ትንሽ ነው። ድምሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አቧራ በሌለበት ያመለጠው ብርሃን ያንን ክፍተት ይሞላል።

ይህ ቆጠራ አንድ ትልቅ ጥያቄ ወልዷል። የአልትራቫዮሌትና የ24 ማይክሮን ብርሃንን ደምረው ልደቱን የቆጠሩ ተመራማሪዎች ውጤቱን ከጋዙ መጠን ጋር ሲያመዛዝኑ፣ ጎረቤቶቻችን የሆኑ ጠምዛዛ ጋላክሲዎች አሁን ባላቸው ፍጥነት ሞለኪውላዊ ጋዛቸውን ለመጨረስ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚፈጅባቸው አገኙ። ጋዙ በስበት ብቻ ቢመራ ኖሮ እጅግ ፈጥኖ ባለቀ። የሚያዘገየው ምንድን ነው?

በታህሳስ 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መልሱን በምስል ማሳየት ጀምሯል። 6.5 ሜትር የሆነው መስታወቱ ስፒትዘር አንድ ብርሃናማ ነጠብጣብ ብቻ ባየበት ቦታ ብዙ ክምችቶችን ለይቶ ያሳያል። ፋንግስ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን 19 ጎረቤት ጋላክሲዎችን በዚህ ቴሌስኮፕ አንስቷል፤ ከእነሱ አንዷ ኤም 74 ናት። አንባቢ እነዚህን ምስሎች ሲያይ ቀለማቸው በኋላ የተሰጠ መሆኑን ይወቅ፤ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚታየው በዚያ መንገድ ብቻ ነው። እንደ ክር የተዘረጉት መስመሮች ጋዝና አቧራ የተጠራቀሙባቸው ናቸው፤ በ21 ማይክሮን ደምቀው የሚታዩት ነጥቦች አዲስ የተወለዱት ከዋክብት ያሉባቸው ስፍራዎች ናቸው። በመካከላቸው የሚታዩት ክብ ባዶ ቦታዎች ደግሞ ትልልቅ ወጣት ከዋክብት በብርሃናቸው፣ በነፋሳቸውና በፍንዳታቸው ጋዙን ገፍተው የከፈቷቸው ናቸው፤ በኤም 74 ያለው ትልቁ ስፋቱ ከ3,000 የብርሃን ዓመት ይበልጣል። የተወለዱት ከዋክብት ለሚቀጥሉት መወለጃ የሚሆነውን ጋዝ እየበተኑ ልደቱን ያዘገዩታል። ምን ያህል እንደሚያዘገዩትና በየትኛው ጋላክሲ ውስጥ እንደሚበረቱ ለማወቅ ተመራማሪዎቹ አሁን የያዙት ሥራ በየባዶው ዳር የሞቀውን አቧራ አንድ በአንድ መቁጠር ነው።