አደይ የማይወርድበት ቆላ

እንቁጣጣሽ ሲነጋ ጎንደር ውስጥ ሴት ልጆች የሀገር ልብስ ለብሰው፣ አደይ አበባን ከለምለም ሣር ጋር አስረው በየቤቱ ይዞራሉ። በዚያው ማለዳ፣ ከጎንደር ቁልቁል ወደ ምዕራብ ወርዶ መተማንና ጋላባትን ያለፈ መንገደኛ በሱዳን በኩል ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው ጎዳና ላይ የዶካን ከተማ ያገኛታል። እሷም በመስከረም አረንጓዴ ናት፤ ዙሪያዋን የከበባት ግን ሰሊጥና ማሽላ ነው። አደይ የለም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ ዶካም የዚያው ቆላ ወገን ናት። አደይ ደግሞ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ነው። የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያድግና ሰማዩ ሲገለጥ ይፈነዳል። አውድማ ዳር፣ አጥር ሥር፣ መንገድ ጥግ፣ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ያ ሁሉ ቢጫ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይሄድም፤ መንገዱ ወደ ቆላው ባዘቀዘቀ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል።

አንድ አደይ ቀጥፎ አስጠግቶ ያየ ሰው በእጁ የያዘው አንድ አበባ አለመሆኑን ይረዳል። ዙሪያውን የተዘረጉት ስምንት ያህል ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሐል ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ተጠጋግተው የቆሙት ነጠብጣቦችም እንዲሁ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፤ ንቡ የሚያንዣብበው ለእነሱ ነው። የደገኛው ንብ አናቢ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆርጠው የአደይ ማር ከዚያ ይመጣል። ኑግና ሱፍ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በሳይንሱ ቋንቋ ወገኑ ቢደንስ ይባላል፤ በላቲን ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ የዘሩ ጫፍ ሹል ሹል ሆኖ ስለሚወጣ የተሰጠ ስም ነው። በጥርሱ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

አደይን ከሌላው የሜዳ አበባ የለየው ግን ስጦታ መሆኑ ነው። ሌላው ዓለም አበባ ሲሰጣጥ ብዙውን ጊዜ ወንድ ለወዳጁ፣ ጠያቂ ለታማሚ፣ እንግዳ ለጋባዥ ነው። በእኛ ዘንድ ትልቁ የአበባ ስጦታ ከልጅ ወደ አዋቂ ይሄዳል። ልጆቹ አበባየሆሽን እየዘፈኑ ደጃፍ ይቆማሉ፤ አበባውን ይሰጣሉ፤ እማወራዋ ድፎ ዳቦ ወይም ሳንቲም ይዛ ትወጣና ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ ብላ ትመርቃለች። ምርቃቱ ካልተከተለ ስጦታው አላለቀም። ለዚህም ይመስላል ይህ አበባ በገበያ ዋጋ ያልተቆረጠለት ዘመን ረጅም የሆነው፤ የሚመለስለት ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነበርና።

የበዓሉ ስም ራሱ ከስጦታ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ንግሥተ ሳባ ከንጉሥ ሰሎሞን ዘንድ ስትመለስ መኳንንቷ እንቁ ለጣትሽ እያሉ ገጸ በረከት አቀረቡላት፤ እንቁጣጣሽም ከዚያ መጣ ይላል ትውፊቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 16፣ ያው አደይ ደመራው ላይ ይታሰራል። ከዚያ በፊት በነሐሴ አጋማሽ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ይከበራል፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ተክል ለበዓሉ ስሙን ሰጥቶታል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው የሰሜኑ ሰው የቀን መቁጠሪያ በአረንጓዴና በቢጫ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የቀን መቁጠሪያ ይዘው ነው ሰዎች ወደ ቆላው የሚወርዱት።

ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ደጋ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች መተማ ላይ ሳሉግ ይባላሉ። ዓመት ዓመት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ይወርዳሉ፤ ድንበሩን ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች ላይ የሠሩትም ብዙ ናቸው። አዲስ ዓመት የሚያገኛቸው እንግዲህ ሰሊጥ መሐል ነው። ሰሊጡም በዚያ ሰሞን አበባ ላይ ነው፤ ከግንዱና ከቅጠሉ መገናኛ ላይ አንገቷን የደፋች ትንሽ ደወል መሳይ አበባ፣ ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ያላት። ጎህ ሲቀድ ትከፈትና ሲመሽ ትረግፋለች። እያንዳንዷ አበባ የሰሊጥ ማቀፊያ ትሆናለችና ቀጥፎ ለስጦታ ማቅረብ እህል መቅጠፍ ነው።

ታዲያ ዶካን በመሰለ ከተማ የሚኖር ሰው ጓሮው ውስጥ ምን አበባ ያብቅል? መጀመሪያ የሚገጥመው አፈሩ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ያብጥና ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣና የተክሉን ሥር ይበጥሳል። መፍትሔው አፈሩን ማቅለል ነው፦ ዋልካውን ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ፣ ታቹ በተበሳ የዘይት ጣሳ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን መትከል። ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ስለሚግል ጣሳዎቹ ከግድግዳ ጥላ ሥር መደርደር አለባቸው። ተክሎቹ ውሃ የሚጠጡትም ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ለዚህ ሙቀት የተፈጠረ አንድ አበባ አለ፤ ዐረቦቹ ፉል ይሉታል። በስም ከባቄላው ፉል ጋር ይቀራረባል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ነጭ ነው፤ እምቡጡ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። አመሻሽ ላይ ሲከፈት መዓዛው ግቢውን ይሞላል፤ በማግስቱ ይጠወልጋል። ድርብርቡ ዓይነት ዘር ስለማይሰጥ በቅርንጫፍ ነው የሚራባው፦ ጠና ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መትከል፣ ወይም ሳይቆርጡ ወደ መሬት አጎንብሶ ወገቡን በአፈር መቅበርና ሥር ሲያወጣ መለየት። ለመስጠት የፈለገ ሰው ገና ያልተከፈቱትን እምቡጦች ለቅሞ በክር ይሰካቸዋል፣ ወይም ጥቂት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ያኖራቸዋል። ስጦታው ተቀባዩ እጅ ላይ ነው የሚያብበው።

ሁለተኛው ከርከዴ ነው። ሰው የሚያውቀው ቀይ መጠጡን ስለሆነ አበባውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አበባው ቀይ አይደለም፤ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ እምብርቱ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ቀዩ ነገር አበባው ከረገፈ በኋላ የሚመጣው ነው፤ አበባውን አቅፎ የነበረው ማቀፊያ ወፍሮ ይቀላና ይለቀማል፣ ይደርቃል። ተክሉ ቀን ሲያጥር ነው የሚያብበው፤ ስለዚህ በክረምት የተዘራው ከርከዴ ደጋው የአደይ ቢጫውን በሚያራግፍበት ሰሞን ለቆላው የራሱን ቢጫ ያወጣለታል። ሱዳናውያን እንግዳ ሲመጣ ደረቁን ከርከዴ አፍልተው ወይም ዘፍዝፈው ያቀርባሉ፤ ከአበባ የተገኘ መስተንግዶ ነው።

የሚሸጠው አበባ መንገዱ ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዝዋይ፣ በሆለታና በባሕር ዳር ዙሪያ በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር የሚበቅለው ጽጌረዳ በአብዛኛው በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይጫናል፤ ኢትዮጵያም ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆናለች። ከተማ ውስጥም እቅፍ አበባ ለሙሽራና ለተመራቂ ይገዛል፤ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ በሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ጉንጉን አበባ ይቀመጣል።

ድንበሩን ሲሻገር የማይጠወልግ አንድ የእንቁጣጣሽ አበባ ግን ከጥንትም ነበረ። ሴቶቹ አደይ ሲይዙ ወንዶቹ ልጆች ሥዕል ይይዛሉ፤ በወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፍ ያለው መልአክ ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ እነሱም ሳንቲማቸውንና ምርቃታቸውን ይቀበላሉ። ለዚህ ከፍታም ዝናብም አያስፈልግም። በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈር በ1970ዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ለተሰደዱ እንደገና ተከፍቷል። እዚያ የተወለደ ልጅ አደይን በሜዳ ላይ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው እናቱ አመድ ላይ በጣቷ ከምትሥለው ነው፦ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያው ስምንት ቅጠል፣ እያንዳንዱ ቅጠል ጫፉ ሾል ያለ። ወረቀትና እርሳስ ሲገኝ ደግሞ ቢጫው እርሳስ ከሁሉ በፊት ያጥራል።